የበቆሎ ምጥ

ልጆቻችን ባሕር ማዶ የሚወልዱብን እናቶች ሻንጣችን ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። የገንፎ ዱቄት፣ በሶ፣ አጃ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ አብሽ፣ በሦስት ላስቲክ የተጠቀለለ ንጥር ቅቤ። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ሁለት ቀን ሲቀረው እኔም ይህንኑ ይዤ አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ ወደምትኖረው ልጄ ሄድኩ። ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ስድስት ሳምንት ያህል ቀርቷት ስለነበር ላርሳት ነው የሄድኩት።

ልጄ ግን ገና አዲስ አበባ ሳለሁ በስልክ ሌላ ሥራም ሰጥታኝ ነበር። «እማዬ፣ አንቺ የጤና ባለሙያ ነሽ፤ ልጁም ካንቺ ቃል አይወጣም። እባክሽ መጥተሽ ይችን እባብ ከቤት አስወጪልኝ» አለችኝ።

ልጁ የተባለው የ12 ዓመቱ የልጅ ልጄ ነው። እባቧ ደግሞ መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ በመስታወት ቤት አራት ዓመት ያሳደጋት ነች። ፈረንጆቹ ዘሯን «ኮርን ስኔክ» ይሉታል፤ የበቆሎ እባብ እንደማለት ነው። ጀርባዋ ብርቱካናማ ሆኖ ቀያይ ጠቃጠቆ አለበት፤ የሆዷ ጥቁርና ነጭ ድርድር ደግሞ ዥጉርጉር የበቆሎ ራስ ይመስላል። የልጅ ልጄም ስሟን በአማርኛ «በቆሎ» ብሎ አውጥቶላታል። ቤት ውስጥ አማርኛ እንዲናገር እናቱ ስትለምነው ከምትኖርባቸው ቃላት አንዷ ያለ ልመና የምትጠራው ይህች ነበረች።

ስለ እባብ ያለኝን ስሜት አልደብቃችሁም። በ1973 ዓ.ም. በነርስነት ዲፕሎማ ተመርቄ በ2010 ዓ.ም. ጡረታ እስክወጣ ካገለገልኩባቸው ዓመታት ስድስቱን ያሳለፍኩት በመተማ በኩል በአንድ የቆላ ጤና ጣቢያ ነው። በአዝመራ ወቅት ሰሊጥ ሊያጭዱ የወረዱ ወጣቶች እግራቸው አብጦ፣ በገመድ ተጠፍሮ፣ በምላጭ ተበጥቶ በቃሬዛ ሲመጡ ተቀብያለሁ። ሁሉንም አላዳንናቸውም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ፣ እኔ እስከ ዛሬ የውኃ ጎማ መሬት ላይ ተጋድሞ ሳይ እደነግጣለሁ። እና እንዲህ ያለችውን ሴት ነው ከእባብ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያሳደሯት።

የደረስኩ ዕለት ማታ እንጀራ ላወጣ ፍሪዘሩን ስከፍት፣ ከእንጀራው ጎን በላስቲክ የታሸጉ አምስት የበረዶ አይጦች አገኘሁ። ጩኸቴን ጎረቤት ሳይሰማ አይቀርም። የልጅ ልጄ ሮጦ መጥቶ «እማማ፣ የበቆሎ ምግብ ነው፤ ከሱቅ የተገዛ ንጹሕ ነው» አለኝ። ንጹሕ ነው!

በማግስቱ አስቀምጬ አነጋገርኩት። የመጀመሪያ ነጥቤ ፍርሃቴ ሳይሆን ሳልሞኔላ ነበር። እባብ፣ ኤሊና እንሽላሊት ጤነኛ መስለው ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ በአንጀታቸው ይይዛሉ፤ ከዓይነ ምድራቸው ወደ ቆዳቸው፣ ከቆዳቸው ወደ ሰው እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል። ትልቅ ሰው ላይ ተቅማጥና ትኩሳት ሆኖ ሊያልፍ ይችላል፤ ጨቅላ ሕፃን ላይ ግን ደም ውስጥ ገብቶ ሊገድል ይችላል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከልም ከ5 ዓመት በታች ሕፃን ባለበት ቤት እነዚህን እንስሳት ማሳደግን አይመክርም። 65 ዓመት ያለፋቸው ሰዎችንም ከተጋላጮቹ ይቆጥራል። እኔ ደግሞ 67 ዓመቴ ነው።

ልጁ ሁሉንም በጸጥታ አዳመጠ። ከዚያ «አውቃለሁ፤ ሁሌም በሳሙና እታጠባለሁ። ግን እማማ፣ አሁን መሄድ አትችልም። እርጉዝ ናት። እንቁላል ልትጥል ነው። አሁን ቤት ከቀየረች ትረበሻለች» አለኝ። ዓይኑ እንባ ቋጥሯል። በዚያ ቤት ውስጥ እናቱ እርጉዝ ነች፣ አያቱ የመጣችው ለእናቱ ነው፣ ዕቃው ሁሉ የሚገዛው ለሚመጣው ሕፃን ነው። እርሱ የሚያስብላት እርጉዝ አንዲት ብቻ ነበረች፤ እርሷን ነው ላስወጣበት የመጣሁት። 

ስለዚህ ተስማማን። እንቁላሏን እስክትጥል ትቆያለች። እስከዚያው አይጦቹ ከእንጀራው ፍሪዘር ይወጣሉ፤ የእርሷ ዕቃ ወጥ ቤት ሲንክ ውስጥ አይታጠብም፤ ከነካት በኋላ በሳሙና ይታጠባል፣ ልብሱን ይቀይራል፤ እናቱ ወደዚያ ክፍል አትገባም። ከጣለች በኋላ ደግሞ የሚሆነውን እኔ እወስናለሁ። 

«እርጉዝ መሆኗን በምን አወቅህ?» ብዬ ስጠይቀው ደብተር አወጣ። እኛ ነርሶች ትምህርታችንን በእንግሊዝኛ ስለተማርን ጽሑፉ አልከበደኝም። ቀን፣ ሰዓት፣ የመስታወት ቤቱ ሙቀት፣ ክብደቷ፣ በላች አልበላች፣ በሞቃቱ በኩል ተኛች ወይስ በቀዝቃዛው፤ ሁሉም በመስመር ተጽፏል። በማዋለጃ ክፍል ሳለሁ ፓርቶግራፍ የምንለውን የምጥ መከታተያ ሰንጠረዥ ስንት ጊዜ ሞልቻለሁ! አንዳንዱ አዋቂ ባለሙያ እንኳ እንደዚህ ልጅ አይሞላውም።

ከደብተሩ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ። እንዲህ ያለች እባብ ለመውለድ ደርሳለች የሚባለው እንዲሁ ስላደገች አይደለም። አሳዳጊዎቿ «ሦስት ሦስት» የሚሉት መለኪያ አላቸው። ዕድሜዋ ሦስት ዓመት፣ ክብደቷ 300 ግራም፣ ርዝመቷ ሦስት ጫማ ማለትም 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲደርስ ነው። ከዚያ በፊት ከተጣመረች እንቁላሉ ከአቅሟ በላይ ሆኖ ሊገድላት ይችላል። ይህን ሳነብ ያለ ዕድሜያቸው ተድረው ሁለትና ሦስት ቀን አምጠው የሚመጡልን ሴት ልጆች ትዝ አሉኝ። በቆሎ አራት ዓመት ሞልቷት፣ በሚዛን 480 ግራም ትመዝን ነበር። ልጁ አንድ ዓመት ሙሉ ጠብቆላታል።

ሁለተኛው ክረምት ነው። በትውልድ ምድሯ፣ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ፣ ብርዱ ሲመጣ እባቧ ጉድጓድ ገብታ ታርፋለች፤ ሙቀት ሲመለስ ወጥታ ወንድ ትፈልጋለች። የልጅ ልጄ ጎረቤት ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው፤ እሳቸውም ወንድ የበቆሎ እባብ አላቸው። ሆዷ ባዶ መሆኑን አረጋግጠው ሁለት ወር ያህል በምድር ቤታቸው፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ፣ በጨለማ አሳረፏት። ውኃ ብቻ ነው የሚሰጣት። ከዚያ ቀስ በቀስ ስትሞቅ ምግብ በጉጉት መብላት ጀመረች፤ ቀጥሎም ቆዳዋን ለወጠች። ዋናው ምልክት ይህ ነው። ከዚህ ቆዳ ለውጥ በኋላ ከሰውነቷ ሰው የማይሸተው ጠረን ይወጣል፤ ወንዱ ግን በምላሱ ይለየዋል።

የቀረውን ለቤተሰብ ገጽ በሚሆን መንገድ ልንገራችሁ። ወንዱ አገጩን በጀርባዋ ላይ እያሻሸ፣ ሰውነቱን ቶሎ ቶሎ እያንቀጠቀጠ ይከተላታል። ካልፈለገች ትሸሻለች፤ እየሸሸች ከሆነ ቀኑ አልደረሰምና መለየት ነው። ከፈቀደች ፍጥነቷን ቀንሳ ጅራቷን ታነሣለች። ደብተሩ ላይ «መጋቢት መጨረሻ፤ ሁለት ጊዜ ሸሸች። በአራተኛው ቀን አልሸሸችም» የሚል አለ።

እኔ ስደርስ እንግዲህ እንቁላሉ እየከበደ ነበር። ከወገቧ በታች ወፍራለች፤ በሞቃቱ በኩል ተጠቅልላ ትውላለች። ፋሲካ ሆኖ እኛ ጾም ስንፈታ እርሷ ጾም ያዘች። ልጁ አይጥ ቢያቀርብላት ፊቷን አዞረች። «ሆዷ በእንቁላል ስለሞላ ነው፤ መግደርደር አይደለም» አለኝ። 

እኔ ግን አላመንኩትም። ታማለች ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር እባብ ምጥ ይኖራታል ብሎ ማሰቡ ራሱ አልዋጥልሽ ብሎኝ ነበር። እኛ በልጅነታችን የሰማነው የእፉኝት ልጆች የእናታቸውን ሆድ ቀደው እንደሚወጡ ነው። ይህን ስነግረው ሳቀብኝ፤ እሱ የሚያውቀውንም ነገረኝ። እፉኝት እንቁላል አትጥልም፤ ልጆቿን ሆዷ ውስጥ አሳድጋ ሕያው ትወልዳለች፤ ወልዳም ትተርፋለች፤ ሆዷን የሚቀድ የለም። ዘንዶ ደግሞ እንቁላሏን ጥላ ዙሪያውን ተጠቅልላ ትጠብቃለች። የበቆሎ እባብ ግን ጥላ ትሄዳለች። 60 ዓመት ሙሉ በእፉኝት ልጆች ላይ የያዝኩትን ቂም በአንድ ከሰዓት በኋላ አስፈታኝ።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የበቆሎ ቆዳ ደበዘዘ፤ ዓይኗ ወተት የፈሰሰበት ይመስል ነጣ። ከጥቂት ቀን በኋላ ዓይኗ ጠራ፤ ሚያዝያ 29 ቀን ጠዋት ሙሉ ቆዳዋን እንደ ስቶኪንግ አውልቃ ትታው አገኘነው። ልጁ ደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አሰመረበት። «ይህ የመጨረሻው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ትጥላለች» አለ። እኛ የመጨረሻ የወር አበባን ቀን ይዘን የመውለጃ ቀን እንደምንቆጥር ማለት ነው።

በዚያው ዕለት መውለጃ ሠራላት። ክዳኑ ላይ ቀዳዳ የተበሳ የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ውስጡ ውኃ በሚይዝ እርጥብ ሣር መሰል ነገር ተሞልቷል። እርጥብና ጨለማ ቦታ ካላገኘች እንቁላሉን ይዛ ትቆያለች፤ ወይም ውኃ መጠጫዋ ውስጥ ጥላ ታበላሸዋለች። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ማታ ማታ በአፍንጫዋ የመስታወቱን ጥግ እየገፋች፣ እየወጣች እየወረደች ዕረፍት አጣች። በዚያው ሰሞን ልጄም ሌሊት እየተነሣች የሕፃኑን ልብስ ታጥፋለች፤ ያጠፈችውን ፈትታ መልሳ ታጥፋለች። እኔ ከሁለቱ ክፍል መሐል ባለው ኮሪደር ላይ ፀሎቴን እያደረስኩ እመላለሳለሁ።

ግንቦት 9 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ገና ሳይነጋ የልጅ ልጄ በሬን ቆረቆረ። «እማማ፣ ጀምራለች።» ነጠላዬን ደርቤ ተከተልኩት። መብራት አላበራም፤ ከኮሪደሩ በሚገባው ብርሃን ብቻ ነው የምናየው። «ድምፅ አታሰሚ፤ ከተረበሸች ታቆማለች» አለኝ። 

ከሩቅ ወንበር ላይ ሆኜ አየሁ። ከሰውነቷ መሐል የሚነሣ መጨማደድ እንደ ማዕበል ወደ ጅራቷ ይወርዳል፤ ያርፋል፤ ደግሞ ይመጣል። ስንት ሺህ ምጥ ያየሁ ሴት ነኝ፤ አላጣሁትም። ምጥ ነው። ድምፅ የለውም እንጂ ምጥ ነው። የመጀመሪያው እንቁላል ነጭ፣ ሞላላ፣ እንደ እርጥብ ለስላሳ ቆዳ ሆኖ ወጣ። እርሷ አረፈች፤ ከዚያ ሌላው። ጎህ ቀደደ፣ ረፈደ፤ ቁርስ የተባለው ሳይነካ ቀረ። ሲያትል ላይ እንደ ልማዱ ይዘንባል። ከልጅ ልጄ ጋር ያን ያህል ሰዓት ያለ ስልክ፣ ያለ ቴሌቪዥን አብረን ተቀምጠን አናውቅም።

እኩለ ቀን ገደማ ከእንቁላሎቹ ላይ ተነሥታ ወጣች። አሥራ አምስት ነበሩ፤ 13ቱ ነጫጭና የተነፉ፣ ሁለቱ ትናንሽ፣ ቢጫና ደረቅ ያሉ። ቢጫዎቹ ፅንስ የላቸውም። ልጁ እጁን ታጥቦ፣ ከላይ በኩል በእርሳስ ምልክት እያደረገ፣ ሳያገላብጥ አነሣቸው። የዶሮ እንቁላል ይገለበጣል፤ የእባብ እንቁላል ግን ከተጣለ በኋላ ፅንሱ ከላይኛው በኩል ስለሚጣበቅ ከተገለበጠ ሊሞት ይችላል። የተጣበቁትንም አላላቀቃቸውም። መምህሩ እርጥበት ባለው ሳጥን አድርገው በ28 ዲግሪ ሙቀት ወደሚጠበቁበት ማሞቂያቸው ወሰዷቸው።

«በል እንግዲህ፣ እንኳን ማርያም ማረችህ» ብዬ ቀለድኩበት። እርሱ ግን አልሳቀም። «እማማ፣ አንድ ቀርቷል» አለኝ። ከሰውነቷ ሁለት ሦስተኛው ላይ ያለውን እብጠት አሳየኝ። 

«ድካም ነው። ሥጋዋ ገና አልተሰበሰበም። ይልቅ ሄደህ ብላ» አልኩት። 37 ዓመት የሠራሁበትን ድምፅ ነው የተጠቀምኩት፤ ያንን ድምፅ ደግሞ ብዙ ሰው አይከራከረውም። 

በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እብጠቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። በቆሎ ውኃ አልጠጣችም፤ አንዴ ታምጣለች፣ አንዴ ትዝላለች። ልጁ ደብተሩን ይዞ መጣ። «24 ሰዓት አለፈ። ነገ 48 ይሆናል። እማማ፣ እባክሽ ንኪውና እይው።»

በዕድሜዬ ሕያው እባብ ነክቼ አላውቅም። ጓንት አደረግኩ፤ እርሱ ራሷን ይዞልኝ በሁለት ጣቴ ዳሰስኩ። ጠንካራ ነው፤ ሞላላ ነው፤ እንቁላል ነው። እጄ ላይ ሆኖ ሳለ ሌላ ነገር ትዝ አለኝና ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። አንዲት ወጣት እናት በደህና ተገላገለች። ወላጅ እናቷ አጠገቧ ነበሩ። «ልጄ፣ የኔዋ ልክ አይደለችም፤ የቀረ ነገር አለ» አሉኝ። «እማማ፣ እንግዴ ልጁ ወጥቷል፤ አይጨነቁ» አልኳቸው። ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ሙሉ መሆኑን አገላብጬ አላየሁም፤ ሌላ ምጥ ላይ ያለች ሴት እየጠበቀችኝ ነበር። እሳቸው ደግመው ነገሩኝ፤ እኔ ደግሜ «አይጨነቁ» አልኩ። እኩለ ሌሊት ላይ ደሙ መጣ። በጭነት መኪና ወደ ሆስፒታል ላክናት። ነፍሷ ተረፈች፤ ማሕፀኗ ግን ወጣ። ዳግመኛ አልወለደችም። ሴትየዋ ልጃቸውን ያውቋት ነበር። እኔ ግን ሙያዬን ብቻ ነው ያወቅሁት።

የእብጠቱን ቦታ እንደያዝኩ ሳላስበው አውራ ጣቴ ወደ ታች መግፋት ጀመረ። «አትጫኚው!» አለ ልጁ፤ አጥብቆ። «ከተገፋ ቱቦዋ ውስጧ ይቀደዳል።» እጄን አነሣሁ። የሚያምጥን ሆድ ከላይ መጫን እንደማይገባ ለስንት ተማሪ አስተምሬያለሁ!

ሰኞ ጠዋት ተሳቢ እንስሳት ወደሚያክሙ ሐኪም ወሰድናት። የሐኪሟ አልትራሳውንድ ልጄን ባለፈው ሳምንት ካዩባት መሣሪያ ብዙም አይለይም። እንቁላሉ ታየ። ሐኪሟ እንዲህ ያለው ችግር እንቁላሉ ትልቅ ሲሆን ወይም ቦታው ጠማማ ሲሆን፣ እባቧ ከመጠን በላይ ስትወፍር፣ ጡንቻዋ ሲደክም፣ ሙቀቱ ልክ ሳይሆን ወይም ተስማሚ መጣያ ስታጣ እንደሚመጣ አስረዳችን። በመርፌ የምትሰጣትን መድኃኒት ስትነግረኝ ዕድሜ ልኬን የማውቀው ኦክሲቶሲን ሆኖ አገኘሁት። እኛ እናት እንደወለደች ደም እንዳይፈሳት የምንወጋው ነው። በእባብ ላይ ግን ብዙ ጊዜ እንደማይሠራ አስቀድማ ነገረችን፤ እንደተባለውም አልሠራም። በማግስቱ በቀጭን መርፌ የእንቁላሉን ፈሳሽ ስባ አሳነሰችው። ያን ቀን ማታ የተጨማደደው ቅርፊት ወጣ። አንድ ሁለት ቀን ብንዘገይ ኖሮ ቀዶ ጥገና፣ ከዚያም ካለፈ ሞት እንደነበር ሐኪሟ ነገረችን። ያስከፈለችን ገንዘብ ኪስ የሚጎዳ ነው፤ አማቼ ደረሰኙን ሁለት ጊዜ አነበበው። 

መኪና ውስጥ ስንመለስ ለልጅ ልጄ የዚያችን እናት ታሪክ ነገርኩት። እናቱም ሰምታው አታውቅም። ዝም ብሎ ቆየና «ጽፈሽው ነበር?» አለኝ። 

«አልጻፍኩትም። አያትየው ያሉኝን መዝገብ ላይ አላሰፈርኩም።» 

«ይቅርታ ጠይቀሻቸዋል?» 

አልጠየቅኩም። ይህንንም ነገርኩት። ከዚያ «አንተን ግን ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንድ ቀርቷል ስትለኝ አልሰማሁህም» አልኩት። መስኮቱን እያየ ራሱን ነቀነቀ። 

ያልተወሰነው ጉዳይ ቀረ። በቆሎ አገግማ መብላት ስትጀምር፣ ልጄ ልትወልድ ሳምንት ሲቀራት፣ አስቀምጬ ነገርኩት። ስለወደድኳት ሐሳቤን ብለውጥ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ሳልሞኔላው ያው ነው፣ የሚመጣው ሕፃንም ያው ጨቅላ ነው። እባቧ ወደ መምህሩ ቤት ትሄዳለች፤ ታናሽህ 5 ዓመት እስኪሞላው እዚያ ትኖራለች፤ አንተ በፈለግክ ጊዜ ሄደህ ታያታለህ፣ ታጥበህ ትመለሳለህ አልኩት። አለቀሰ። እኔም አልከለከልኩትም። ከዚያ «ምልክቷን እዚያ ማን ያይላታል?» ብሎ ጠየቀኝ። ደብተሩ አብሯት እንዲሄድ፣ መምህሩ በየቀኑ እንዲጽፉ፣ እርሱ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲያነብ ሦስታችን ተስማማን። መምህሩ እጁን ጨብጠው ቃል ገቡለት። ክፍሉን እኔና አማቼ አጠብነው።

ልጄ ግንቦት 24 ቀን ሴት ልጅ ተገላገለች። እልልታው በቪዲዮ ስልክ እዚህ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። የእንግዴ ልጁን ሙሉነት አዋላጇ አገላብጣ ስታይ እኔም ከጀርባዋ ሆኜ አየሁ፤ አላፈርኩም።

ሐምሌ 10 ቀን ደግሞ መምህሩ ጠሩን። እንቁላሎቹ በገቡ በ61ኛው ቀን ነው። ከ13ቱ በአንዱ ላይ ምላጭ የጫረው የመሰለ ስንጥቅ ታየ፤ እባቧ አፍንጫዋ ላይ ለዚሁ የተሰጣት ትንሽ ጥርስ አለች። ስንጥቁ ውስጥ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ራስ ብቅ አለችና ዝም ብላ አየችን። ልጁ ቀድሞ «እማማ፣ አትንኪያት። አንድ ቀን እንዲህ ሆና ልትቆይ ትችላለች። አስኳሉን ጨርሳ ራሷ ትወጣለች» አለኝ። ጠበቅን። በሦስት ቀን ውስጥ 11 ወጡ፤ ሁለቱ አልተፈለፈሉም። እርሱንም ጻፈው።

ወላጆችና አያቶች፣ እባብ አሳድጉ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ይህች እባብ መርዝ የሌላት፣ በሰው እጅ የተወለደች ነች። የአገራችን የሜዳና የቤት እባብ ሌላ ነው፤ ልጆች እንዳይነኩ፣ እንዳይከተሉ አስጠንቅቁ። ሰው ከተነደፈ መብጣት፣ መምጠጥና በገመድ መጥፈር ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ቀለበትና አምባር አውልቁለት፤ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር እንዳያንቀሳቅስ አድርጋችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም አድርሱት። ኤሊም ሆነ ሌላ ተሳቢ እንስሳ ያላችሁ፣ የእጅ መታጠቡን ነገር አደራ።

ልነግራችሁ የወደድኩት ግን ሌላ ነው። አንድን ፍጡር በየቀኑ የሚያይ ሰው፣ ልጅም ይሁን ያልተማረች እናት፣ ከባለሙያው ቀድሞ የሚያውቀው ነገር አለ። «ልክ አይደለችም» ሲላችሁ «አይጨነቁ» ከማለታችሁ በፊት በእጃችሁ ዳስሱ። 

ነሐሴ ላይ ልመለስ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ የልጅ ልጄ ክፍል ገባሁ። የመስታወት ቤቱ የነበረበት ጠረጴዛ ላይ አዲስ ደብተር አየሁ። የእህቱ ነው። ስንት ጊዜ ጠባች፣ ስንት ዳይፐር አረጠበች፣ ስንት ሰዓት ተኛች። የመጨረሻው መስመር ላይ «ዛሬ ሳያት ሳቀች። እማማ ጋዝ ነው አለች። ጋዝ አይደለም» ብሎ ጽፏል።

እርሱ ነው ልክ። የሁለት ወር ሕፃን ፈገግ ይላል። እስክሪብቶውን አንሥቼ ከሥሩ ፈረምኩበት።

ቸር እንሰንብት።